«ስጫት» ያለኝ ሰው

አያ ደሴ መሞቱን የሰማሁት ጎንደር ቅዳሜ ገበያ፣ ወንድሜ ሱቅ ውስጥ፣ ለአንዲት ሴትዮ የመጋረጃ ጨርቅ እየለካሁ ሳለ ነው። ከእንፍራንዝ የባሌ አክስት እትዬ ዘይነብ ደወለች። ሰላምታዬን እንኳ ሳታስጨርሰኝ፣ «ፋጡማ፣ ደሴ ዐረፈ እኮ። ትናንት ቀበርነው» አለችኝ።

«የትኛው ደሴ?» አልኳት። የትኛው እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ምናልባት ሌላ ደሴ ቢሆን ብዬ ነው።

«ያንቺው ነዋ! የዓሣው!»

ኩላሊቱን አሞት ሰንብቷል አለች። ስልኩን ዘግቼ መቀሱን አነሣሁ። ስንት ሜትር ላይ እንደ ደረስኩ ጠፋኝ። ጨርቁን ዘርግቼ ከመጀመሪያው ለካሁት፤ አሁንም ጠፋኝ። ሴትዮዋ፣ «ምነው፣ መርዶ ነው እንዴ?» አለችኝ። ዘመዴ ቢሆን አለቅስ ነበር፤ ጠላቴ ቢሆን ጨርቄን ቆርጬ እሰጣት ነበር። ሁለቱንም አላደረግሁም። ወንድሜ መጥቶ መቀሱን ከእጄ ወሰደልኝ።

ከአባቴና ከባሌ ቀጥሎ በዚህ ዓለም ላይ ቃሉን ሳልመረምር የተቀበልኩት ሰው ደሴ ነው። እንደ እሱ የከዳኝም የለም።

ባሌ ሱሌማን ሲሞት ከእንፍራንዝ ወጣ ብሎ፣ ወንዝ ዳር፣ ከአባቱ የወረሰው ቁራሽ መሬት ቀረልኝ። ወንድሞቼ ለሰው ስጪው አሉኝ። በዚያ ሰሞን ግን የዓሣ ኩሬ ለሚቆፍር ሰው የዓሣ ጫጩት የሚሰጥና እርባታውን የሚያስተምር ፕሮጀክት ወደዚያ መጣ ሲባል ሰማሁና ሻንጣዬን ይዤ ሄድኩ። እትዬ ዘይነብ እዚያው ስለምትኖር አብሬያት ገባሁ። እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ጨርቅ እንጂ አፈር አላውቅም። ኩሬው ሲቆፈር አላፊ አግዳሚው ቆም እያለ ይስቃል። «የጎንደሯ ሴትዮ ጉድጓድ ታስቆፍራለች፤ ማንን ልትቀብርበት ይሆን?» ይሉ ነበር አሉ።

ያልሳቀው ደሴ ብቻ ነው። የፕሮጀክቱ የዓሣ ባለሙያ ነበር፤ ሥራው ኩሬዎቹን እየዞረ በሽታ መኖር አለመኖሩን መከታተል። ስልሳን ሊደፍን ጥቂት ዓመት የቀረው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄድ ትንሽ ጎንበስ የሚል ሰው። መጀመሪያ የመጣ ዕለት ሞተሩን ከአጥሩ ውጭ አቁሞ፣ ከኋላው የታሰረውን ሰማያዊ የበረዶ ሣጥን ፈታ። ከዚያ በሳፋ ውኃና በረኪና በጥብጦ ቦት ጫማውን ማጠብ ጀመረ። እኔ «ኧረ ይግቡ፣ ይግቡ» እላለሁ፤ እሱ ጫማውን ያጥባል። ሲጨርስም ወደ እኔ አልመጣም። ኩሬው ዳር ተንበርክኮ እጁን እስከ ክርኑ ውኃው ውስጥ ነከረና ዐይኑን ጨፍኖ ቆየ። ከዚያ በኋላ ነው ዞሮ «እንደምን ዋልሽ እቴ» ያለኝ።

«ምነው ጫማዎን ደጅ ላይ አጠቡ?» አልኩት።

«ከሌላ ሰው ኩሬ ነው የመጣሁ። በሽታ በእግሬ ይዤልሽ እንዳልገባ።»

«ዓሣ ደግሞ ምን ይታመማል?»

«እንደ እኔና እንዳንቺ ነው እንጂ! እኛን ጉንፋን እንደሚይዘን ይህን የኩሬሽን ዓሣ፣ ቆሮሶንም የሚይዘው ቫይረስ አለ። ሰው አይነካም፤ ዓሣውን ግን ይፈጃል። ላም ብትታመም ታቃስትልሻለች። ዓሣ ድምፅ የለውም። ባለሙያው ካልጮኸለት አለቀለት።»

ይቺን ነገር ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት። ለእኔም፣ ለሌላውም፣ ለአለቆቹም ይላታል። በሥራው ላይ የሚጠላው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ፣ እሱም ዝም ያለ ባለሙያ እንደሆነ ይነግረን ነበር።

በሁለተኛው ወር «አንቱታውን ተይውና አያ በይኝ፤ ይበቃኛል» አለኝ። አያ ደሴ አልኩት።

ጠዋት ምግብ ከመበተኔ በፊት ቆሜ ማየትን እሱ አስተማረኝ። ፉርሽካው ውኃው ላይ ሲወርድ ዓሣው ከየአቅጣጫው እየተጋፋ ውኃውን ማፍላት አለበት። ወደ ዳር ተጠግቶ አፉን የሚከፍት፣ ቆዳው የጠቆረ፣ ዐይኑ የደፈረሰ፣ አንድ ቦታ የሚዞር ካየሁ ያኔውኑ መደወል። ያየሁትንም በየቀኑ በደብተር እንድጽፍ አስለመደኝ። ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ደብተሩን ነው። አንድ ቀን ዘልዬ ከሆነ አይቆጣም። ጣቱን በመስመሮቹ ላይ እያወረደ መጥቶ ከጎደለው ቀን ላይ ሲደርስ ያቆምና፣ «እዚህ ላይ የት ሄደሽ ነበር?» ይለኛል። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።

«ለምን?» ማለትንም እሱ ነው ያስለመደኝ። ውኃውን በከፊል ቀይሪ ሲለኝ እሺ ብዬ ብነሣ፣ «ተቀመጪ» ይለኛል። «ለምን አትዪም? የነገሩሽን ሁሉ የምታደርጊ ከሆነ አንድ ቀን ሞኝ ሰው ይነግርሻል።»

በየወሩ መረብ ጥለን ጥቂት ዓሣዎች እናወጣለን። እሱ በምላጭ ሆዳቸውን ከፍቶ ከጉበታቸው የምስር ፍሬ የምታህል ቁራጭ ይወስዳል፤ ከአንጎላቸውም እንዲሁ። በትናንሽ ብልቃጦች ከትቶ ስሜንና የኩሬዬን ቁጥር ይጽፍባቸዋል። ብልቃጦቹ በበረዶ ሣጥኑ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም አዲስ አበባ ላብራቶሪ ይሄዳሉ። ውጤቱ ሳምንታት ቆይቶ ሲመጣ በስልክ «ንጹሕ ነሽ» ይለኛል። «ኩሬሽ ንጹሕ ነው» አይልም። እኔም ልክ የእኔን ደም መርምረው ደህና ነሽ እንዳሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ከተከፈቱት ዓሣዎች የቀረውን እጠብሰዋለሁ። ጎንደር ተወልጄ ሳድግ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር ሠርጉም ለቅሶውም አንድ ነበር፤ ሥጋው ሲመጣ ግን ለእነሱ ሌላ፣ ለእኛ ሌላ ነው። አንዳችን ያረድነውን ሌላችን አንበላም። ዓሣ ግን የማንንም ቢላዋ አይጠብቅም። እናም አያ ደሴ፣ እትዬ ዘይነብና እኔ ሦስታችን ከአንድ ትሪ እንበላ ነበር። እሱ አጥንቱን በትሪው ዳር በተራ ይደረድራል፤ እትዬ ዘይነብ «ሰልፍ አስወጣሃቸው?» እያለች ትስቅበታለች።

አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ የኩሬዬን ግድብ መብላት ጀመረ። እኔ ማንንም አልጠራሁም፤ ማንን እንደምጠራም አላውቅም ነበር። ደሴ ዝናቡን አይቶ በራሱ መጣ። ሞተሩ ጭቃ ውስጥ ስለተያዘበት ከዋናው መንገድ በእግሩ ነው የደረሰው። ቀኑን ሙሉ በማዳበሪያ ከረጢት አፈር እየሞላ ከግድቡ ሥር ሲደረድር ዋለ። መዳፉ ተልጦ ደም ሲወርደው እንኳ ያየችለት እትዬ ዘይነብ ናት። «ምን ባደርግ ነው ውለታህን የምመልስ?» ስለው፣ «ደብተርሽን አትዝለይ» ብሎኝ ሄደ።

ይህን ሁሉ የማነሳው ሰውየውን እንዳልበድለው ብዬ ነው። መጥፎ ሰው አልነበረም። መጥፎ ቢሆን ኖሮ እኔም አላምነው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ከጎረቤቶቼ አንዷ፣ አለምነሽ የምትባል ሴት፣ ኩሬ መቆፈር አማራት። መጀመሪያ ሲስቁብኝ አብራ የሳቀች ናት። ኋላ ግን የእኔን ዓሣ እያየች፣ ደብተሬን እያስነበበችኝ፣ ውሎዋ እኔ ዘንድ ሆነ። ቤተሰቧን የምታኖርበትን የሽንኩርት ማሳዋን ነው ለኩሬ የቆፈረችው። ባሏ ወገቡን ያመዋል፤ ብዙውን አፈር ራሷ አወጣችው። ፕሮጀክቱ ጫጩት እስኪያመጣላት አላስችል አላት። የእኔ ኩሬ ደግሞ በዚያ ሰሞን ተዋልዶ በጫጩት ሞልቷል።

«ከአንቺ ስጪኝ በቃ!» አለችኝ።

«አያ ደሴን ሳልጠይቅማ አልሰጥሽም» አልኳት። ጫጩት ከኩሬ ወደ ኩሬ ሲሄድ በሽታም አብሮ ሊሄድ ስለሚችል፣ እሱ ሳይፈቅድ አንዲትም ዓሣ እንዳትንቀሳቀስ ያስጠነቀቀን እሱ ነው።

ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው መጣ። የሁዳዴ ሰሞን የዓሣ ገበያ የሚደራበት ነው። በጾም ይበላል አይበላም እያለ የሚከራከረው ቢበዛም የሚገዛው ይበልጣል። ደሴ እንደ ልማዱ ጫማውን አጠበ። እጁን ግን ውኃው ውስጥ አልነከረም። ይህን ያስተዋልኩት በኋላ፣ ያን ቀን ደጋግሜ ሳስበው ነው። እጁን ኪሱ ከትቶ ኩሬውን እያየ ቆመ። እትዬ ዘይነብ ቤት ውስጥ ሰላት ላይ ነበረች።

«አያ፣ አለምነሽ ኩሬዋን ውኃ ሞላች» አልኩት። «ከእኔ ጫጩት ልሰጣት ነው። ይሆናል?»

ኪሱ ውስጥ የሞተሩን ቁልፍ አንቃጨለ።

«አያ?»

«ኩሬውን ሞላች ነው የምትዪኝ?»

«ሞላች። የሽንኩርት ማሳዋን ነው እኮ የቆፈረችው። እየጠበቀችኝ ነው።»

ዐይኑን ከውኃው ሳያነሳ፣ «ስጫት» አለኝ።

ሆዴን አሞኛል ብሎ ምሳ ሳይበላ ሄደ። እኔ ወዲያው አለምነሽን ጠራኋት። ሁለታችን መረብ ጥለን ጫጩቶቹን በባልዲ አወጣን። እያንዳንዱን ባልዲ ስትሸከም «ሸጋ ናቸው! ሸጋ ናቸው!» ትላለች። ኩሬዋ ውስጥ ስንለቃቸው እልል አለች።

በዚያው ሳምንት የደሴ ታናሽ ወንድም አስማረ፣ ከመንገዱ በታች ያለውን ኩሬውን ጠራርጎ ባዶ አደረገው። ትልቅ ትንሽ ሳይል ዓሣውን ሁሉ ጎንደር ወስዶ ሸጠ። እትዬ ዘይነብ «ጾሙ ሳይገባ ምነው ቸኮለ?» ስትል፣ «ችግር ገጥሞት ይሆናል» አልኳት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ጠዋት የበተንኩት ፉርሽካ ውኃው ላይ እንደተንሳፈፈ ቀረ። የሚፈላ ውኃ የለም። ዳር ዳሩን ስዞር ሆዱን ወደ ላይ ያደረገ ሰባት ዓሣ አገኘሁ። ቆዳቸው ጠቁሯል፤ ዐይናቸው ደፍርሷል። ደብተሬ ላይ ጽፌ ወደ ደሴ ደወልኩ። አያነሳም። በማግሥቱ የሞቱትን በአንድ ባልዲ አልጨረስኳቸውም። ደወልኩ፤ አያነሳም። በአራተኛው ቀን መጣ። ጫማውን አጠበና ከሩቅ አይቶ፣ «አየር አጥሯቸው ይሆናል፤ ውኃውን ቀይሪው» አለኝ።

ለምን አላልኩትም። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ውኃውን ስቀይር ሰነበትኩ።

ከሰባት ቀን በኋላ ኩሬው ከዳር እስከ ዳር በነጭ ሆድ ተሸፈነ። ሽታው መንገድ ድረስ ወጣ። እኔ ዓሣ በአካፋ እያወጣሁ ሳለ አለምነሽ ባልዲ ይዛ መጣች። ባልዲውን እግሬ ሥር ደፋችው። እልል ያለችላቸው ጫጩቶች ናቸው፤ የተረፈም የለ።

«ምንድን ነው የሰጠሽኝ ፋጡማ?» አለችኝ። አልጮኸችም። «ምነው፣ ምን በደልኩሽ?»

ከዚያ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ከጎንደር መጥቶ ሰዉን ትምህርት ቤቱ ግቢ ሰበሰበ። የቆሮሶ ቫይረስ መግባቱን ተናገረ። የኩሬዎቹ ውኃ ይፈስሳል፣ ኖራ ይነሰነስበታል አለ። በሽታው ከኩሬ ኩሬ የተሻገረው ያለ ፈቃድ ጫጩት ባዘዋወሩ ሰዎች ምክንያት እንደሆነም ጨመረበት። «ማን ነው ያዘዋወረው?» ብሎ ሲጠይቅ የሰዉ ዐይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ተነሣሁ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ያለ ፈቃድ ግን አይደለም። አያ ደሴን ጠይቄው ስጫት ብሎኛል።»

ደሴ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሄልሜቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እኔ አልፈራሁም ነበር። ተነሥቶ «አዎ፣ እኔ ነኝ» እንደሚል እርግጠኛ ነበርኩ። ኃላፊው «እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀው።

ሄልሜቱን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወረ።

«ስለ ጫጩት ጠይቃኝ እንደሁ... አላስታውስም» አለ።

አላስታውስም! ከስድስት ወር በፊት የዘለልኩትን አንድ ቀን ከደብተሬ ላይ በጣቱ ፈልጎ የሚያገኝ ሰው! ቆሜ ቀረሁ። አንዲት ሴት ከኋላዬ «ተቀመጪ እንግዲህ» አለችኝና ተቀመጥኩ።

በማግሥቱ ሚኒባስ ይዤ ጎንደር ሄድኩ። ያኔም ቢሆን ክህደት ነው ብዬ አልጠረጠርኩም፤ ያ ሁሉ ሰው ፊት ደንግጦ ይሆናል ብዬ ነበር። የሄድኩት የመጨረሻው ናሙናዬ ውጤት ለምን እንደዘገየ ልጠይቅ ነው። የፕሮጀክቱ ቢሮ ውስጥ አንዲት ትሑት ወጣት ሠራተኛ ስሜን ጠይቃ ፋይል አወጣች።

«ውጤቱ እኮ መጥቷል እትዬ» አለችኝ። «አያ ደሴ ናቸው ፈርመው የወሰዱት። አልነገሩዎትም?»

ፋይሉን ወደ እኔ አዞረችው። ስሜና የኩሬዬ ቁጥር አለ፤ አጠገቡ «ቫይረሱ ተገኝቶበታል» ይላል። ከሥሩ የአስማረ ኩሬ፤ እሱም ተገኝቶበታል። ከጎኑ የደሴ ፊርማ፣ ያ የማውቀው ጥንቅቅ ያለ ጽሕፈቱ፣ ከነቀኑ። ቀኑን ቆጠርኩ። «ስጫት» ካለኝ ቀን በአምስት ቀን ይቀድማል።

ልጅቷ ደንግጣ ወንበር አቀረበችልኝ።

ስመለስ ደሴን ያገኘሁት በአስማረ ባዶ ኩሬ ውስጥ፣ በቦት ጫማው ቆሞ ኖራ ሲበትን ነው። ሲያየኝ ከፊቴ ላይ ነገሩን አነበበው።

«አምስት ቀን ቀድመህ ታውቅ ነበር» አልኩት።

አልካደም። የኖራውን ማዳበሪያ መሬት ላይ አስቀመጠ። «አለቆቼ መመሪያ እስኪመጣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል አሉኝ» አለ። «ወሬው ከወጣ በሁዳዴ ዓሣ የሚገዛ አይኖርም፤ ፕሮጀክቱም ይዘጋል አሉኝ። ጡረታ ልወጣ ነው ፋጡማ። ልጆቼ ገና ተምረው አልጨረሱም።»

«ለአስማረ ግን ነገርከው።»

«ወንድሜ ነው።»

«እኔስ?»

እጁ ላይ የቀረውን ኖራ አራገፈ። «አስማረ ዝም ማለት ይችላል» አለ። «አንቺ አትችይም። በሰማሽበት ሰዓት አለምነሽ ቤት ትሮጫለሽ። ከዚያ ሌላው ቤት። አውቅሻለሁ።»

«እሺ ዝም በለኝ! ግን ምነው ስጫት አልከኝ? ቆይ ብትለኝ ምን ነበረበት? ጫጩቶቹ አልደረሱም ብትለኝ አላምንህም ነበር?»

«ለምን ትዪኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺ ለምን ሳትዪ አትለቂም።»

እውነቱን ነው። እል ነበር። ትቼው ሄድኩ።

ያየሁትን ሁሉ ለአለምነሽ ነገርኳት። ደጃፏ ላይ ቆማ ሰማችኝ፤ ግቢ አላለችኝም። «አያ ደሴ እንዲህ አያደርግም» አለችኝ። «ልጄ ትኩሳት ጥሎት ጊዜ በሞተሩ አፈናጥጦ ሐኪም ቤት ያደረሰልኝ ሰው ነው። ለሞተ ዓሣ ብለሽ የሰው ስም አታጥፊ።» ፋይሉን ላሳያት አልችልም፤ ቢሮው ውስጥ ነው። ጎንደር እንሂድ ብላት፣ በየትኛው ጊዜዬ አለችኝ። ኩሬውን መልሳ ደፍና ሽንኩርት መትከል ነበረባት።

እኔም የኩሬዬን ውኃ አፈሰስኩ፣ ኖራ አስነሰነስኩ፣ ለእትዬ ዘይነብ መሬቱን ትቼላት ወደ ወንድሜ ሱቅ ተመለስኩ። ዓሣ ከዚያ ወዲህ አልበላሁም። አስጠልቶኝ ሳይሆን ከማን ጋር እንደምበላው ስለማላውቅ ነው።

ደሴን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አይቼዋለሁ። ክረምት ነበር፤ ዝናብ የሸሻቸው ገበያተኞች ሱቁን ሞልተውታል። ቀና ስል በራፉ ላይ ቆሟል። ከስቷል፤ ካፖርቱ ውኃ ያንጠባጥባል። «ፋጡማ» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። እኔ ለአንድ ሰው ጨርቅ እየለካሁ ነበር፤ መለካቴን ቀጠልኩ። ሰው ሲገባና ሲወጣ እየተጠጋ እያሳለፈ ትንሽ ቆመ። ይቅርታ ቢል ምን እንደምመልስለት እያሰብኩ ጆሮዬን ወደ እሱ አድርጌ ነበር። ጨርቁን ጠቅልዬ ቀና ስል የለም።

መርዶውን በሰማሁ በሁለተኛው ቀን እንፍራንዝ ለለቅሶ ሄድኩ። እትዬ ዘይነብ ይዛኝ ገባች። ድንኳኑ ሰው በሰው ነው። አስማረ ካለበት ብድግ ብሎ ሰላም አለኝ፤ እኔም እግዜር ያጥናህ አልኩት። ከሴቶቹ መካከል አለምነሽ ነበረች። አየችኝና ዐይኗን መለሰች፤ ግን ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ሰው ሁሉ ስለ ደሴ ያወራል። የአንዱን ሚስት ምጥ ይዟት ሞተሩን ያዋሰ፣ የሌላውን ልጅ ትምህርት ቤት ያስመዘገበ፣ ክረምት ለክረምት የሰው ግድብ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው ይላሉ። ሁሉም እውነት ነው። ዋሽታችኋል የምለው ሰው አጥቼ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

አንዲት ጥቁር የለበሰች ወጣት ወደ እኔ መጥታ ፊቴ ተንበረከከች። የደሴ ትልቋ ልጅ ናት። ሁለት እጄን ያዘችኝ። ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ ድምፅዋ ሰልሏል።

«እትዬ ፋጡማ ነዎት አይደል?» አለችኝ። «አባባ አልጋ ላይ ሆኖ ስምዎን ያነሣ ነበር። ጎንደር ሱቅዎ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠይቆዎት እንደተመለሰ ነግሮናል። ‹ፋጡማ ይቅር ብላኛለች፤ አሁን ቀለለኝ› አለን። ምን እንደበደለዎት ግን ብንለምነው አልነገረንም።» እንባዋ መጣ። «ከልብዎ ነው ይቅር ያሉት? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

ያ ሰው በራፌ ላይ ቆሞ ስሜን ብቻ ነው የጠራው። ያልጠየቀኝን ይቅርታ ጠየቅሁ ብሎ፣ ያልሰጠሁትን ሰጠችኝ ብሎ፣ ለልጆቹ ይዞላቸው ገብቷል።

በዙሪያችን ያሉት ሴቶች ወሬያቸውን አቁመዋል። አለምነሽ ትንፋሿን ይዛ ታዳምጣለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ሊሰማኝ ፈቃደኛ ያልነበረው ጆሮ ይኸው አጠገቤ ተከፍቷል። ምን እንደበደለኝ ልንገርሽ ብዬ መጀመር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አስማረ ከማዶ ያየኛል። ልጅቷ እጄን እንደያዘች ቀና ብላ ትጠብቀኛለች።

«አዎ ልጄ» አልኳት። «ከልቤ ነው።»

ጉልበቴን ስማ ተነሣች። አለምነሽ ረጅም ትንፋሽ አወጣችና፣ «ምንም ቢሆን ሸጋ ሰው ነበር» አለች።

ያን ያህል ሰው ባለበት እንዲህ ያለ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም። ሞቶም ያስዋሸኝ እሱ ነው። ዓሣዎቼን፣ መሬቴን፣ የአለምነሽን ሰላምታ እንኳ አንድ ቀን እተውለት ይሆናል። ያን ዕለት ከአፌ ያስወጣኝን ቃል ግን ይቅር አላልኩትም።